«ተቀምጧል» ያለው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን አንድ ቀን ማታ በአስተማሪዎች ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ የአርባ ስምንት ተማሪዎችን የሂሳብ ማርክ ወደ ኮምፒውተር አስገባ ነበር። የመጨረሻውን ስም ጨርሼ «አስቀምጥ» የሚለውን ስነካ፥ ኮምፒውተሩ ወዲያው «ተቀምጧል» ብሎ መለሰልኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ ካፖርቴን መልበስ ስጀምር መብራት ጠፋ። በመካከሉ ሠላሳ ሰከንድ ያለፈ አይመስለኝም። እኔም «ለጥቂት አመለጥኩ» እያልኩ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱ ጧት መዝገቡን ስከፍት ግን ከአርባ ስምንቱ የአንዱም ማርክ አልነበረም።

ዕቃ ይበላሻል፤ መብራትም ይጠፋል፤ ይህ የለመድነው ነው። እኔን ያስቆጣኝ የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን «ተቀምጧል» መባሌ ነበር። ኮምፒውተሩ ዝም ቢለኝ ወይም «ጥቂት ቆይ» ቢለኝ ኖሮ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ታዲያ ያልተፈጸመውን ነገር «ተፈጸመ» ብሎ የነገረኝ ማን ነው? ይህን ለማወቅ ብዙ ማታ ፈጀብኝ። ያገኘሁትን ለእናንተ፥ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ በጽሕፈትና በመዝገብ ሥራ ለተሰማራችሁ ሁሉ ላካፍላችሁ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ተገልጦ ሲታይ የመዝገብ ቤት ሥራ ሆኖ ተገኘ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ፥ እኔ የጻፍኩበት ኮምፒውተር ራሱን የቻለ ኮምፒውተር አለመሆኑን ልንገራችሁ። በትምህርት ቤታችን ያለው አንድ ጉልበታም ኮምፒውተር ነው፤ በአንድ ልዩ ፕሮግራም አማካይነት ግን አምስት ኮምፒውተሮች ሆኖ ይሠራል። ከአምስቱ እያንዳንዱ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል፤ ጎረቤቱን አያውቅም፤ በሰው ቤት መኖሩንም አያውቅም። እንዲህ ያለውን «ምናባዊ ኮምፒውተር» ይሉታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ ዓመታት ሞክሮት፥ በ1972 ቪ.ኤም./370 በሚል ስም ለደንበኞቹ አቅርቦታል። በእኛ ትምህርት ቤት የሚሠራው ግን ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 ያወጣው ኪው-ኢሙ የተባለው ፕሮግራም ነው። ይህም በ2007 ወደ ሊኑክስ ከገባው ኬ.ቪ.ኤም. ከተባለው ክፍል ጋር ተባብሮ ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምናባዊውን ኮምፒውተር «እንግዳ»፥ ቤቱን የያዘውን እውነተኛ ኮምፒውተር ደግሞ «ባለቤት» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

እንግዳው «የእኔ ዲስክ» የሚለው ነገር በባለቤቱ ዲስክ ላይ ከተቀመጡት ፋይሎች አንዱ ነው። ስለዚህ እንግዳው አንዲት ፊደል እንኳ ለመጻፍ ሲፈልግ ለባለቤቱ ማመልከት አለበት። ማመልከቻውም እንደ ማንኛውም ማመልከቻ ይጻፋል፥ ይቀርባል፥ ይታያል፥ መልስ ያገኛል። የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ማመልከቻው በምን ዓይነት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ ነው።

እስቲ የዲስክን ዝግታ እናስላ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፥ ማለት ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ መጠበቅ ግድ ነው። ለእኛ ይህ ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ ያነሰ ጊዜ ነው፤ በሰከንድ ሦስት ቢሊዮን ጊዜ ለሚመታ ፕሮሰሰር ግን ከአሥራ ሁለት ሚሊዮን ምት በላይ ነው። የሚሽከረከር ነገር የሌላቸው አዲሶቹ ዲስኮች እጅግ ይፈጥናሉ፤ ቢሆንም ፕሮሰሰሩን ማስጠበቃቸው አልቀረም።

አንድ ጸሐፊ ተላላኪውን ወደ መዝገብ ቤት ልኮ፥ ፋይሉ እስኪመጣለት ድረስ እጁን አጣጥፎ መስኮት ላይ ቢቆም አለቃው ምን ይለዋል? በመጀመሪያ ዘመን የነበረው አሠራር ከዚህ የተለየ አልነበረም። ፕሮግራሙ የድሮውን ዲስክ መቆጣጠሪያ እንዳለ ያስመስል ነበር። እንግዳው አንዱን ጥያቄ ለማቅረብ በየተራ ብዙ ትንንሽ ቁጥሮችን ይጽፋል፤ በእያንዳንዱ ቁጥር እንግዳው ይቆማል፥ ባለቤቱ ይነሣል፥ ቁጥሩን ይቀበላል፥ እንግዳውን ይቀሰቅሳል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንዱ ጥያቄ ሳያልቅ ሁለተኛው አይቀርብም ነበር።

መድኃኒቱ ሁላችሁም እንደምትገምቱት ወረፋ ነው። እንግዳው ማመልከቻዎቹን ደርድሮ ይሰጣል፤ መልስ እስኪመጣ ሌላ ሥራውን ይሠራል። ግን ወረፋ ስንል ወዲያው በዓይናችን የሚመጣው የአውቶቡስ ወረፋ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል። ለዲስክ ይህ አይሆንም። አንዱ ማመልከቻ የሚጠይቀው ነገር ከባለቤቱ ሜሞሪ ውስጥ ተገኝቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ከፊቱ የነበረው ግን የዲስኩን መዞር መጠበቅ አለበት። መልሱን ሁሉ በመጡበት ተራ እንስጥ ብንል አንድ ዘገምተኛ ባለጉዳይ አገሩን በሙሉ ያቆማል። ስለዚህ መልስ በተራ አይሰጥም፤ በቁጥር ይሰጣል። እያንዳንዱ ማመልከቻ ቁጥር ይይዛል፤ መልሱም «የ17 ቁጥር ተፈጽሟል» ይላል እንጂ «የፊተኛው ተፈጽሟል» አይልም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ወረፋ ብለን ብንጠራውም ይህ መዝገብ ስለ ቅደም ተከተል የሚሰጠው ተስፋ የለም።

ማመልከቻው ራሱ ምን ይመስላል? ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሥርዓት ቪርት-አይ-ኦ ይባላል፤ አውስትራሊያዊው ረስቲ ረስል ሐሳቡን በ2008 ባወጣው ጽሑፍ አብራርቶታል። በዚህ ሥርዓት የዲስክ ማመልከቻ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው 16 ባይት የሆነ ራስጌ ነው፤ አራቱ ባይት ጥያቄው ማንበብ ነው ወይስ መጻፍ የሚለውን ይነግራሉ፥ አራቱ ይዘለላሉ፥ ስምንቱ ደግሞ በዲስኩ ላይ ከየትኛው ቦታ እንደሚጀመር ያመለክታሉ። ቦታው የሚቆጠረው በ512 ባይት እየተከፈለ ነው። ሁለተኛው ክፍል የሚጻፈው ወይም የሚነበበው ጉዳይ ራሱ ነው። ሦስተኛው አንድ ባይት ብቻ ነው፤ ባለቤቱ መልሱን የሚጽፍበት ባዶ ቦታ። 0 ከሆነ ተፈጽሟል፤ 1 ከሆነ ስሕተት ደርሷል፤ 2 ከሆነ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አላውቅም ማለት ነው። የእኔ አርባ ስምንት ተማሪዎች ማርክ ያረፈው በዚህች አንዲት ባይት ላይ ነበር ብላችሁ ገምቱ።

ሦስቱ ክፍሎች ለምን ተለያዩ? ራስጌውን ባለቤቱ ያነበዋል እንጂ እንዲጽፍበት አይፈቀድለትም፤ በመልሱ ቦታ ላይ ግን ይጽፋል። ጉዳዩም ቢሆን በእንግዳው ሜሞሪ ውስጥ በአንድ ስፍራ ላይገኝ ይችላል፤ ጥቂቱ እዚህ፥ ጥቂቱ እዚያ ተበትኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንዲት ካርድ ትዘጋጃለች። ካርዷ 16 ባይት ናት፤ 8ቱ ቁራጩ በሜሞሪ ውስጥ የት እንዳለ፥ 4ቱ ርዝመቱን፥ 2ቱ ባለቤቱ ሊያነበው ነው ወይስ ሊጽፍበት የሚለውን፥ የቀሩት 2ቱ ደግሞ የምትቀጥለዋ ካርድ ቁጥር ስንት እንደሆነ ይናገራሉ። ካርዶቹ እንዲህ ተያይዘው አንድ ማመልከቻ ይሆናሉ። የማመልከቻውም መለያ ቁጥር የመጀመሪያዋ ካርድ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ አሠራር እንግባ፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ካርዶቹ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ተቀምጠዋል። ከሠንጠረዡ ሌላ ሁለት መዝገቦች አሉ። በአንደኛው እንግዳው «እነዚህን ማመልከቻዎች አቅርቤአለሁ» እያለ ቁጥራቸውን ይጽፋል። በሁለተኛው ባለቤቱ «እነዚህን ፈጽሜአለሁ» እያለ ይጽፋል። ሠንጠረዡንና የመጀመሪያውን መዝገብ የሚጽፍ እንግዳው ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን የሚጽፍ ባለቤቱ ብቻ ነው። አንዱ በሌላው መዝገብ ላይ እርሳስ አያሳርፍም፤ ያነባል እንጂ።

ይህ ለምን አስፈለገ? ሁለት ሰዎች በአንድ መዝገብ ላይ የሚጽፉ ከሆነ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይቆማል። በእንግዳና በባለቤት መካከል ግን ቁልፍ አደገኛ ነው። ባለቤቱ ለሌላው እንግዳ ተራ ለመስጠት ይህንን እንግዳ በማንኛውም ሰዓት ሊያቆመው ይችላል። ቁልፉን በኪሱ እንደ ያዘ ቢያቆመውስ? መዝገቡ ተቆልፎ፥ ባለቁልፉ ተኝቶ፥ ሥራው ሁሉ ይጓተታል። ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ጸሐፊ ብቻ ሲኖር ግን ቁልፍ የሚባል ነገር ጭራሽ አይነሣም። (በ2003 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዜን የተባለው ሥርዓት ሌላ መንገድ ይዞ ነበር፤ ማመልከቻውና መልሱ በአንድ ቀለበት ላይ ይጻፋሉ፤ መልሱ የሚሰፍረው ማመልከቻው ተነሥቶ በለቀቀው ቦታ ነው። 4,096 ባይት በሆነች አንዲት ገጽ ላይ 32 የዲስክ ማመልከቻዎች ይይዝ ነበር። እኔ በበኩሌ ሁለት መዝገብ ማድረጉን እመርጣለሁ።)

ሁለቱም መዝገቦች ቀለበት ናቸው፤ ማለት መጨረሻው መስመር ሲሞላ እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ይጻፋል። መጠናቸው ከመጀመሪያው ቀን የተወሰነ ነው። «ሲሞላ ለምን አዲስ ገጽ አይጨመርም?» ብሎ አንድ ተማሪዬ ጠይቆኛል። ደግ ጥያቄ ነው። እንግዳው ሜሞሪ ሲያልቅበት ምን እንደሚያደርግ አስቡ፤ ጥቂቱን ወደ ዲስክ ጽፎ ቦታ ያስለቅቃል። ወደ ዲስክ ለመጻፍ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ለማመልከቻው አዲስ ሜሞሪ የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ፥ የሣጥኑን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ እንደ መሄድ በሆነ ነበር። ስለዚህ ቦታው አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ሲሞላም አዲሱ ባለጉዳይ አንዱ መልስ አግኝቶ እስኪወጣ ይጠብቃል።

በቀለበቱ ላይ ስንት እንደተጻፈ የሚነግር ቆጣሪ አለ፤ አቆጣጠሩ ለሂሳብ አስተማሪ ደስ የሚያሰኝ ነው። ቆጣሪው ቀለበቱ ሲዞር ወደ 0 አይመለስም፤ 65,535 እስኪደርስ ይቀጥላልና ከዚያ በኋላ ብቻ 0 ይሆናል። ቀለበቱ 128 መስመር ካለው፥ ቆጣሪው 130 ሲሆን የሚጻፈው በስንተኛው መስመር ነው? 130 ለ128 ሲካፈል 2 ይተርፋልና በ2 ቁጥር መስመር ነው። እንግዳው 130 አቅርቦ ባለቤቱ 127 ተቀብሎ ከሆነ 3 ቀርተዋል። እንግዳው ዞሮ 2 ላይ ቢደርስና ባለቤቱ ገና 65,534 ላይ ቢሆንስ? 2 ሲቀነስ 65,534፥ ከ65,536 ክብ ላይ ሲቆጠር 4 ነው፤ አራት ቀርተዋል ማለት ነው። መቀነሱ ዙሩን ሳያስብ እውነቱን ይናገራል።

ይህ ሂሳብ የሚያምረው ግን የቀለበቱ መጠን 2፥ 4፥ 8፥ 16 እያለ የሚሄደው ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። 100 መስመር ያለው ቀለበት ብንሠራ፥ ቆጣሪው 65,535 ሲሆን የሚተርፈው 35 ነው። ቀጥሎ 36ኛው መስመር መምጣት ሲገባው ቆጣሪው 0 ሆኖ ወደ 0 መስመር ይዘላል፤ በመካከል ያሉት ሳይነኩ ይታለፋሉ። እንዲህ ያለው ስሕተት 65,536 ማመልከቻ እስኪያልፍ አይታይም። ስለዚህ ሲሞከር ደኅና ሠርቶ፥ በሥራ ቀን ያጋልጣል። ተማሪዎቼ «ቀሪ» የሚባለውን ትምህርት ለምን እንደምንማር ሲጠይቁኝ ከእንግዲህ መልስ አለኝ።

ቀጥሎ የመጻፉ ቅደም ተከተል አለ። እንግዳው በመጀመሪያ ካርዶቹን ይሞላል፥ ከዚያ ቁጥሩን በቀለበቱ ላይ ያሰፍራል፥ በመጨረሻ ቆጣሪውን በአንድ ያሳድጋል። ቆጣሪው ቀድሞ ቢያድግ ባለቤቱ መጥቶ የሚያገኘው ከባለፈው ማመልከቻ የተረፉትን አሮጌ ካርዶች ነው፤ በእነርሱም መሠረት የማያገባውን ቦታ ሊጽፍበት ይችላል። «በዚህ ተራ ጻፍ» ብሎ ማዘዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፕሮሰሰሮች ፍጥነት ለማግኘት ሲሉ የጽሑፉን ተራ ለራሳቸው እንደሚመቻቸው ይለዋውጡታል። ስለዚህ በመካከሉ «ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ ሳይታይ ከዚህ በኋላ ያለው አይታይ» የሚል ልዩ ትእዛዝ እንደ አጥር ይተከላል።

ደወሉንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። እንግዳው ማመልከቻ ባቀረበ ቁጥር ባለቤቱን ቢደውልለት የድሮው ድካም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራ ላይ ሳለ «ነቅቻለሁ፤ አትደውል» የሚል ምልክት ይሰቅላል። ሥራው ሲያልቅ ምልክቱን አውርዶ ይተኛል። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ባለቤቱ «ሌላ የለም» ብሎ ካየ በኋላ፥ ምልክቱን ከማውረዱ በፊት በዚያች ቅጽበት አዲስ ማመልከቻ ቢቀርብስ? እንግዳው ምልክቱን አይቶ አይደውልም፤ ባለቤቱ አላየሁም ብሎ ይተኛል፤ ማመልከቻው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ምልክቱን አውርድ፥ ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ ተመልከት፥ ከዚያ ተኛ። ዘበኛ በሩን ከዘጋ በኋላ መወርወሪያውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ እንደሚያደርገው ነው።

እስካሁን ያየነው በሁለቱ መካከል ያለውን መዝገብ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ለራሱ የሚይዘው የግል መዝገብ አለው፤ በዚያም ውስጥ ያልተፈጸመ እያንዳንዱ ማመልከቻ አንድ ፋይል ይከፈትለታል። እንግዳው «ከዚህ ቦታ ጀምረህ ይህን ያህል ጻፍ» ያለው አንድ ጥያቄ፥ በባለቤቱ ፋይል ውስጥ ሦስት ቦታ ተበትኖ ሊገኝ ይችላል። አንዱ ማመልከቻ ሦስት ሥራ ሆነ ማለት ነው። ሦስቱም ሳይጠባበቁ ይላካሉ፤ በመጨረሻ የተመለሰው ለእንግዳው መልስ ይሰጣል። ለዚህ በፋይሉ ላይ «ስንት ቀረ» የሚል ቁጥር ይያዛል። አንድ የረቀቀ ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ሥራ ተልኮ ሁለተኛው ሳይላክ ቢመለስ ቁጥሩ ከ1 ወደ 0 ወርዶ «ሁሉም አለቀ» ሊባል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከ1 ይጀምራል፤ ያች አንዲት ለላኪው ራሱ የተያዘች ናት። ላኪው ሁሉንም ልኮ ሲጨርስ የራሱን ይቀንሳል። ከሦስቱ አንዱ ቢሳሳት ስሕተቱ በፋይሉ ላይ ይጻፋል፤ ሌሎቹ በደኅና ቢመለሱም አይፋቅም።

ባለቤቱ እንግዳውን ማመን የለበትም፤ ከአምስቱ እንግዶች አንዱ ተንኮለኛ ሊሆን ይችላልና። ራስጌውን አንብቦ «ቦታው በዲስኩ ወሰን ውስጥ ነው» ብሎ ከፈቀደ በኋላ፥ እንግዳው በዚያች ቅጽበት ቁጥሩን ቢለውጠውስ? ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ራሱ ይገለብጣል፥ ከዚያ የገለበጠውን ይመረምራል፥ በገለበጠውም ይሠራል። የካርዶቹ ሰንሰለት ወደ ራሱ ዞሮ ማለቂያ እንዳያጣ ካርዶቹን እየቆጠረ ይሄዳል። ይህ ከንቱ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። በግንቦት 2015 «ቬነም» የሚል ስም የተሰጠው ጉድለት በዚሁ በኪው-ኢሙ ውስጥ ተገለጠ። የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያ ሆኖ የሚሠራው ክፍል የተቀበለውን የሚያኖርበት ስፍራ 512 ባይት ነበር፤ በአንዳንድ ትእዛዞች ጊዜ ግን መሙላቱን የሚመለከተው አልነበረም። እንግዳው ከዚያ በላይ እየጻፈ ከተሰጠው ክፍል አልፎ ወደ ባለቤቱ ቤት ሊገባ ይችል ነበር። ጉድለቱ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ተኝቶ ነበር፤ ማንም በማይጠቀምበት ዕቃ ውስጥ።

የዚህ መዝገብ ቅርጽ ወደ ሌላም ቦታ ተዛምቷል። ባለቤቱ ራሱ ለሊኑክስ የሚያመለክትበት፥ የንስ አክስቦ የሠራውና በ2019 የወጣው አይ-ኦ-ዩሪንግ የሚባለው መንገድ ሁለት ቀለበት ነው፤ አንዱ ለማቅረቢያ፥ ሌላው ለመልስ። በዚያው ዓመት ቪርት-አይ-ኦም ሦስቱን መዝገቦች በአንድ ቀለበት የሚያጠቃልል ሌላ አቀማመጥ ጨምሯል፤ የተበተነ መዝገብ ለፕሮሰሰሩ ማገላበጥ ያበዛበታልና።

እንግዲህ ወደ ማርኬ ልመለስ። ባለቤቱ በዚያች አንዲት ባይት ላይ 0 ሲጽፍ ምን ማለቱ ነው? «ዲስኩ ላይ ሰፍሯል» ማለቱ ይመስላችኋል። ነገር ግን ተራ የመጻፍ ማመልከቻ ሲሆን «ተቀብያለሁ» ማለቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ገና በባለቤቱ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ወደ ዲስኩ የሚወርደው ባለቤቱ ሲመቸው፥ በሊኑክስ ልማድ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ነው። እንግዳው እርግጡን ሲፈልግ ሌላ ዓይነት ማመልከቻ ያቀርባል፤ እኔ «የማጽኛ ማመልከቻ» ብዬዋለሁ። የሚጻፍ ነገር የለውም። «እስካሁን ፈጸምኩ ያልከኝን ሁሉ መብራት ቢጠፋ እንኳ በማይጠፋበት ቦታ አድርስና ከዚያ በኋላ ንገረኝ» ይላል።

ቀደም ብዬ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ወረፋው ቅደም ተከተል ስለማይጠብቅ፥ የማጽኛው ማመልከቻ ከኋላ መሰለፉ ብቻ ከፊቱ ያሉትን አያጸናም። የሚያጸናው መልስ ያገኙትን ብቻ ነው። ስለዚህ እንግዳው በመጀመሪያ የጻፋቸው ሁሉ መልስ እስኪያገኙ ይጠብቃል፥ ከዚያ ማጽኛውን ይልካል፥ የማጽኛውን መልስ አይቶ ብቻ ለባለጉዳዩ «ተቀምጧል» ይለዋል። የማርክ መዝገቡ ፕሮግራም ይህን በሚገባ አድርጓል። ጠይቋል፥ ጠብቋል፥ የተባለውን ነግሮኛል። ውሸታሙ እርሱ አልነበረም።

የኮምፒውተሩን ክፍል ያዘጋጀልን ወጣት ባለሙያ በጥያቄዬ ብዛት ተሰላችቶ፥ አንድ ቀን ማታ የፕሮግራሙን ማዘዣ ከፍቶ አሳየኝ። ዲስኩ እንዴት ይያዝ በሚለው ስፍራ አንዲት ቃል ተጽፋ ነበር፤ «አንሴፍ»፥ ማለት «አስተማማኝ ያልሆነ»። በዚህ ቃል የታዘዘ ባለቤት የማጽኛ ማመልከቻ ሲቀርብለት ምንም ሳይሠራ ወዲያውኑ 0 ብሎ ይመልሳል። ቃሏ የተሠራችው ቢጠፋ ለማይጎዳ ሥራ፥ ለምሳሌ አዲስ ሥርዓት ሲጫን ጊዜ ለማትረፍ ነው። ልጁም አምስቱን እንግዶች በአንድ ቀን ለመጫን ሲል አስገብቷት፥ ሥራው ሲያልቅ ማውጣቱን ረሳው። አልቀየምኩትም። መዝገቡ፥ ቀለበቱ፥ አጥሩ፥ ደወሉ ሁሉ ደኅና ሲሠሩ፥ በመልሱ ቦታ ላይ ያረፈችው ባይት ብቻ ያላየችውን መስክራለች።

ቃሏን በዚያው ማታ አወጣናት። ክፍሉ ትንሽ የዘገየ ይመስለኛል፤ ሌሎቹ አስተማሪዎችም «ኮምፒውተሩ ምን ሆነ?» እያሉ ጥቂት ቀን አጉረመረሙ።

የፈተናውን ወረቀት በዚያው ቀን ለተማሪዎቹ መልሼ ስለነበር፥ እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። አርባ ስድስቱ አመጡ፤ አንዳንዱ አራት ቦታ ታጥፎ፥ አንዱ ወጥ ፈሶበት። ሁለቱ ግን ጥለውት ነበር። አንደኛው «አሥራ ሰባት ነበር ያገኘሁት» አለኝ። ሁለተኛይቱ አንገቷን ደፍታ «አሥራ አንድ» አለች። ሁለቱንም እንዳሉት ጻፍኩላቸው። የመጨረሻውን ስም ጨርሼ «አስቀምጥ» የሚለውን ነካሁ፤ ኮምፒውተሩም «ተቀምጧል» አለኝ። ካፖርቴን ሳላነሣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሰዓቴን እያየሁ ተቀመጥኩ።